የአቶ ደጀኔ ወልደ ሰማዕት ሕይወትና ሽማግሌ የቆመለት የታሊን ቤት

በ1967 ዓ.ም. ነሐሴ ወር፣ ትርፍ ቤት በመንግሥት በተወረሰ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሳምንት፣ ናዝሬት ከተማ በአንድ ግቢ በር ላይ ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ አቶ ደጀኔ ከውስጥ ሆነው ሰምተዋል። አንደኛው አባታቸው ነበሩ። ሁለተኛው ልብስ ሰፊው አቶ ገመዳ ሲሆኑ፣ አባታቸው ከመንገዱ ማዶ ያሠሩትን ሁለተኛ ቤት ተከራይተው ሲኖሩ ነው አዋጁ የደረሰባቸው። ዝናብ ይዘንብ ነበር። አቶ ገመዳ ከበሩ ውጭ እንደ ቆሙ፣ "ጋሼ፣ ቤቱን የወሰድኩት እኔ አይደለሁም። ተወስዶ አገኘሁት። እኔም ልጆች አሉኝ፤ ወዴት ልሂድ?" አሉ። አቶ ደጀኔ ይህን ቃል በቃል ያስታውሱ ነበር። አባታቸው የመለሱትን ግን እስከ ዕለተ ሞታቸው ሊያስታውሱት አልቻሉም። "አንዳንድ ቀን በሩ ሲከፈት ይሰማኛል፣ አንዳንድ ቀን ሲዘጋ" ይሉ ነበር። ናዝሬት ያሉት ታላቅ እህታቸው ወይዘሮ አበባየሁ በስልክ ቢጠየቁ፣ "እኔ ገበያ ነበርኩ፤ ስመለስ አባባ ዝም ብለው ተቀምጠዋል" ከማለት በቀር የጨመሩት የለም።

የሕይወት ታሪክ በልደት ይጀመራል። የሳቸውን ከዚህ የጀመርነው ግን ራሳቸው በሆስፒታል አልጋ ላይ ሆነው፣ "የኔን የሚጽፍ ሰው ከዚያ በር ይነሣ" ስላሉን ነው።

አቶ ደጀኔ ከአባታቸው ከአቶ ወልደ ሰማዕት ይርዳውና ከእናታቸው ከወይዘሮ ድንቅነሽ ታፈሰ ጥር 12 ቀን 1943 ዓ.ም. በናዝሬት ከተማ ተወለዱ። አባታቸው እህል ነጋዴ ነበሩ። ፊደል ቆጥረው ዳዊት ከደገሙ በኋላ አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው ናዝሬት ጨርሰው፣ በአቃቂ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በጥገና ሠራተኛነት ተቀጠሩ። ማሽን ሲነካኩ ያየ ሰው ሁሉ እጃቸውን ያደንቅ ነበር። በ1971 ዓ.ም. የትምህርት ዕድል አግኝተው ወደ ሶቪየት ኅብረት ሄዱ። አንድ ዓመት ታሽኬንት ሩሲያኛ ተምረው፣ ከዚያ በኢስቶኒያ ዋና ከተማ በታሊን የጨርቃ ጨርቅ ምሕንድስና አጥንተው ተመረቁ።

አገራቸው ተመልሰው ኮምቦልቻ ሲሠሩ ከወይዘሮ ሸዋሉል ጌታነህ ጋር ተዋወቁና ጥር 1978 ዓ.ም. በሥርዓተ ተክሊል ተጋቡ። ልጃቸው ዲቦራ በ1979 ዓ.ም. ተወለደች። ልጅቷ ሁለት ዓመት ሳይሞላት መሥሪያ ቤታቸው ለተጨማሪ ትምህርት ዳግመኛ ወደ ታሊን ላካቸው። "ሁለት ዓመት ነው፣ ቶሎ ያልቃል" ብለው ነበር የተለዩት። ስድስት ዓመት ሆነ። ከዚህ በኋላ ያሉት ወራትና ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

በዚህ ሁለተኛ ጉዟቸው ፋብሪካው ማደሪያ የሰጣቸው ካላማያ በሚባለው የወደቡ ሰፈር፣ ባለ ሁለት ፎቅ አረንጓዴ የእንጨት ቤት ውስጥ ነው። እሳቸው ላይ፣ ወይዘሮ ቪርቬ የሚባሉ ሸማኔ ታች። ወይዘሮ ቪርቬ የተወለዱበት የናርቫ ከተማ በጦርነቱ ፈርሶባቸው፣ በ1950 ማዘጋጃ ቤቱ ወደዚህ ቤት አስገባቸው። አርባ ዓመት በዚያው ፋብሪካ ሠርተዋል። ባልም ልጅም አልነበራቸውም። አቶ ደጀኔ በመጀመሪያው ክረምት ሳንባቸውን ታመው ሲተኙ ደረጃውን እየወጡ ሾርባ ያጠጧቸው እሳቸው ናቸው። "ኢስቶኒያኛ የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም፣ ከሾርባ ነው" ይሉ ነበር አቶ ደጀኔ።

የዚያ ቤት የወጥ ቤት በር መቃን ላይ የእርሳስ መስመሮች ነበሩ። ልጆች ሲያድጉ ቁመታቸው የተለካበት ነው፤ በየመስመሩ አጠገብ ዓመተ ምሕረትና አንዳንድ ፊደል ተጽፏል። የመጨረሻው 1938 ይላል። አቶ ደጀኔ የማን ልጆች እንደሆኑ ሲጠይቁ ወይዘሮ ቪርቬ፣ "ከእኛ በፊት የነበሩት" ብቻ አሉ።

በ1991 ዓመቱ ሳይጋመስ ፓስፖርታቸውን የሰጣቸው መንግሥት አዲስ አበባ ላይ ወደቀ። በነሐሴ ኢስቶኒያ ነፃነቷን መልሳ አወጀች። ቪዛቸውን የመታላቸው ኅብረት ደግሞ ዓመቱ ሳይወጣ ፈረሰ። "በአንድ ዓመት ሁለት መንግሥት ቀበርኩ፤ ለአንዱም ድንኳን የጣለ የለም" እያሉ ይቀልዱ ነበር። ከኡዝቤኪስታን ይመጣ የነበረው ጥጥ ቀረ። የፋብሪካው አዳራሾች አንድ በአንድ ዝም አሉ። ወይዘሮ ቪርቬ ከጸጥታው የተነሣ ጆሯቸውን አመማቸው። በሰኔ 1992 አገሪቱ የራሷን ገንዘብ ስታወጣ ሁለቱ በአንድ የትምህርት ቤት አዳራሽ ተሰልፈው የድርሻቸውን ለወጡ። ወይዘሮ ቪርቬ አዲሱን ኖት አሽትተው፣ "ቀለም ቀለም ይላል፤ ደግ ነው፣ ገና ማንም አልነካካውም ማለት ነው" አሉ። በጥቂት ወር ውስጥ ሙዝ መጣ፣ የውጭ መኪና መጣ፣ ባንክ በየማዕዘኑ ተከፈተ። ያልነበረው ሁሉ መጣ፤ የነበረው ሥራ ሄደ።

አንድ ሕግም ወጣ። ሩሲያ ከመግባቷ በፊት፣ ከ1940 በፊት፣ የቤት ባለቤት የነበረ ሰው ወይም ወራሹ ንብረቱን እንዲጠይቅ ተፈቀደ። አቶ ደጀኔ ይህን በሬዲዮ ሲሰሙ ብድግ ብለው አጨበጨቡ። አባታቸው በዓይናቸው መጡባቸው፤ ቤታቸውን በየጠዋቱ ከመንገድ ማዶ እያዩ አሥር ዓመት ኖረው የሞቱት አባታቸው። "ይኸው፣ ፍርድ ማለት ይህ ነው!" አሉ። ወይዘሮ ቪርቬ ምድጃውን እየጠረጉ ነበርና ቀና ብለው፣ "እኛስ?" አሏቸው። ከዚያ የአቶ ገመዳ ድምፅ በጆሯቸው መጣ። እጃቸው እንደ ተዘረጋ ቀረ።

በጥቅምት 1992 በመርከብ ስቶክሆልም ገብተው ጥገኝነት ጠየቁ። የመኖሪያ ፈቃድ በ1994 ሲገኝ ወይዘሮ ሸዋሉልና ዲቦራ መጡላቸው፤ በስቶክሆልም ዳርቻ አልቢ በሚባል ሰፈር አራተኛ ፎቅ ላይ ቤት ተሰጣቸው። የምሕንድስና ዲፕሎማቸውን አስተርጉመው ብዙ ቦታ አመለከቱ። የስዊድን የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ግን እሳቸው ሳይደርሱ ተዘግተው ኖሯል። በ1995 ጸደይ በሄምቸንስት፣ ማለትም ሽማግሌዎችን በየቤታቸው እየዞሩ በሚረዱበት ሥራ ተቀጠሩ። አንድ ቀን አላማረሩም። "ማሽን አላርጅም ብሎ ይሰበራል፤ ሰው ግን ሲያረጅ ያወራል" ይሉ ነበር።

በማኅበር፣ በልብስ ማጠቢያው ክፍል፣ በባቡር ውስጥ ወሬያቸው ኢስቶኒያ ነበር። የጋዜጣ ቁራጭ እየሰበሰቡ በትልቅ ደብተር ይለጥፉ ነበር፤ በቀኝ ገጽ የኢስቶኒያ፣ በግራ ገጽ የኢትዮጵያ። አልቢ ሱቅ ያላቸው የወሎው ሐጂ አብዱልጀባር ባዩዋቸው ቁጥር፣ "ጋሽ ደጀኔ፣ ኢስቶኒያ እንዴት አደረች?" ይላሉ። "ደህና አድራ ሱቋን ከፍታለች፤ ፍርዷ ገና አልነቃም" ይላሉ እሳቸው። መንግሥት ሲወድቅ ቀድሞ የሚደርሰው ሸቀጥ ነው፣ ዘግይቶ የሚደርሰው ፍርድ ነው የሚል እምነት ነበራቸው።

ሥራ በጀመሩ በሁለተኛው ወር አለቃቸው፣ "እዚህ ሃሉንዳ ሰፈር አንዲት አሮጊት አሉ፤ ስዊድንኛቸው በእርጅና እየጠፋባቸው ነው፤ አንተ የሳቸውን ቋንቋ ትችላለህ መሰለኝ" አለቻቸው። ወይዘሮ ሳልሜ ይባላሉ። በ1944 በሃያ ሦስት ዓመታቸው ሩሲያ ተመልሳ ስትገባ በጀልባ ባሕሩን ተሻግረው ስዊድን ከገቡት አንዷ ናቸው። አቶ ደጀኔ በሩን አንኳኩተው በኢስቶኒያኛ "እንደምን አደሩ" ሲሏቸው ወይዘሮ ሳልሜ ግድግዳውን ያዙ።

"ሃምሳ ዓመት የአገሬን ሰው ላክልኝ ብዬ ለመንኩት" አሉ። "ይኸው አንተን ላከልኝ!"

"የአገር ሰው ሲዘገይ ይጠቁራል እማማ" አሏቸው አቶ ደጀኔ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ተግባቡ። መድኃኒት ያቀብሏቸዋል፣ ሾርባ ያሞቁላቸዋል፣ ጋዜጣ ያነቡላቸዋል። በቀጠናቸው ከነበሩት ሽማግሌዎች ሁሉ የመውጫ ሰዓት የሚያልፍባቸው እሳቸው ጋ ነበር።

በ1996 ከታሊን ወረቀት መጣላቸው። አቶ ደጀኔ እንዲያነቡላቸው ሰጧቸው። ለወይዘሮ ሳልሜ የአባታቸው ቤት ተመልሶላቸዋል ይላል። ካላማያ፤ የመንገዱ ስም፤ ቁጥሩ። አቶ ደጀኔ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ወይዘሮ ሳልሜ በደስታ፣ "አረንጓዴ ነበር፤ ሦስተኛው የደረጃ እርከን ይንጫጫል፤ አባቴ በየልደታችን እኔንና ወንድሜን ከወጥ ቤቱ በር እያስጠጋ ይለካን ነበር" ሲሉ አቶ ደጀኔ ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ፣ "አሁንም ይንጫጫል" አላሉም።

ለምን ዝም እንዳሉ በኋላ ለባለቤታቸው ነግረዋል። ሴትየዋ በደስታቸው ላይ ሳሉ "እዚያ ሰው አለ" ማለት ነውር መሰላቸው፤ ነገ እነግራቸዋለሁ አሉ። ነገ ሌላ ነገ ወለደ። እንዲህ ሁለት ዓመት ሄደ። የአቶ ደጀኔ ስሕተት ይህ ነበር፤ ራሳቸውም ስሕተት ብለውታል። በኛ አገር ክፉ ወሬ በጠዋት፣ በባዶ ሆድና በብቸኝነት አይነገርም። እሳቸው ደግሞ ወይዘሮ ሳልሜ ዘንድ የሚሄዱት በጠዋት ነው፤ ሴትየዋ ቁርስ አልቀመሱም፤ ከሳቸው በቀር ሰው የላቸውም።

በዚያ ጊዜ ኢስቶኒያ ወደ ላይ ነበረች። የሩሲያ ጦር ወጥቷል፣ የአክሲዮን ገበያ ተከፍቷል፣ የወደቡ ሰፈር የእንጨት ቤቶች በድንገት ተወደዱ። አንድ ኩባንያ የወይዘሮ ሳልሜን ቤት ሊገዛ ቀረበ፤ ባዶ ከሆነ ብቻ። ከተከራዮቹ የቀሩት ወይዘሮ ቪርቬ ነበሩ። ሕጉ ለነባር ተከራይ የሰጠው የጥበቃ ጊዜ በ1998 መጨረሻ ያልቅባቸዋል። ለ1998 ዘመን መለወጫ ለአቶ ደጀኔ በጻፉት ካርድ ላይ ስለ አየሩና ስለ ጉልበታቸው ካወሩ በኋላ ከታች አንዲት መስመር አክለዋል፦ "ሳህኖቹን በጋዜጣ መጠቅለል ጀምሬያለሁ።" እርዱኝ አላሉም።

አቶ ደጀኔ ካርዱ በደረሳቸው ማግስት ለወይዘሮ ሳልሜ ነገሯቸው። በዚያ ቤት አራት ዓመት መኖራቸውን፣ ታች ያሉት ሴት ማን እንደሆኑ፣ ሁሉንም።

ወይዘሮ ሳልሜ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። "ሁለት ዓመት አባቴ ቤት እንደኖርክ ደብቀህ ሾርባዬን ታሞቃለህ?"

"ደበቅሁ፤ አጠፋሁ።"

"የሷ ሰላይ ነህ እንዴ?"

"አይደለሁም እማማ። የሷም የእርስዎም ሾርባ አለብኝ።"

"ውጣ።"

ወጡ። የሥራቸው ደንብ ሠራተኛ በሚረዳው ሰው ንብረት ጉዳይ እንዳይገባ ይከለክላል። ስለዚህ አለቃቸው ዘንድ ሄደው ከወይዘሮ ሳልሜ እንዲያዛውሯቸው ጠየቁ፤ ተዛወሩ። ሴትየዋን ደመወዝ እየተከፈላቸው ሊለምኗቸው አይገባም ብለው ነው። ወይዘሮ ሸዋሉል ግን፣ "በፈረንጅ አሮጊቶች ጠብ መሐል ምን ጥልቅ አደረገህ? ልጅህ እዚህ ናት እኮ" ብለው ተቆጥተዋቸዋል። "ልክ ነሽ" አሉ፤ ተነሥተውም ሽማግሌ ሊለምኑ ሄዱ።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ፦ የምድር ባቡር ሾፌሩ አቶ ሽፈራው፣ በአረጋውያን ቤት የሚያበስሉት ወይዘሮ ተጂቱና ሐጂ አብዱልጀባር። በመጋቢት አንድ እሑድ ካፖርታቸውን ለብሰው ሃሉንዳ ሄዱ። ባለ ጉዳይ ከሽማግሌ ጋር አይገባምና አቶ ደጀኔ ከፎቁ በታች ብርድ ላይ ቀሩ። ቃል የሚያቀብሉት አቶ ሽፈራው ነበሩ፣ በስዊድንኛ።

ወይዘሮ ሳልሜ በሩን ከፍተው አዩአቸው። "ከማዘጋጃ ቤቱ ናችሁ?"

"አይደለንም።"

"ሃይማኖት ልትሰብኩኝ ነው?" የሐጂን ቆብና የወይዘሮ ተጂቱን የአንገት መስቀል እያዩ።

"እንኳን እርስዎን፣ እርስ በርሳችንም አልተሰባበክንም።"

"እንግዲያው ግቡና ተቀመጡ።"

ገቡ። አልተቀመጡም።

"ወንበር አለ እኮ!"

"አይተነዋል፤ ይባርክልዎ" አሉ አቶ ሽፈራው። "እኛ አገር ለእርቅ የተላከ ሰው እሺ ሳይባል አይቀመጥም።"

ወይዘሮ ሳልሜ ሦስቱን በተራ አዩ። "ይሄ ልመና ነው ወይስ ማስፈራራት?"

አቶ ሽፈራው ሲተረጉሙላቸው ሐጂ ትንሽ አሰቡና፣ "መሐሉ ነው በላቸው" አሉ።

ጉዳያቸውን ተናገሩ። ቤቱ የወይዘሮ ሳልሜ ነው፣ ይህን የሚክድ የለም። ወይዘሮ ቪርቬ ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ የቀራቸውን ዕድሜ እዚያው ይጨርሱ። ሌላ አልጠየቁም።

ወይዘሮ ሳልሜ ከመሳቢያ አንድ የዛገ ቁልፍ አወጡ። "ጀልባ ላይ ስንወጣ ይህ በእጄ ነበር። ሃምሳ አራት ዓመት ጠበቅሁ። ወንድሜ በጦርነቱ ቀረ፣ አባቴ ሳይቤሪያ ሞተ። ለእኔ ማን ቆመልኝ?"

ወይዘሮ ተጂቱ፣ "እውነትዎን ነው፤ ማንም አልቆመልዎትም" አሉና ዓይናቸውን ጠረጉ። ሳይቀመጡ ወጡ።

በግንቦት ተመለሱ። አሁንም ቆሙ። ወይዘሮ ሳልሜ፣ "ለመሆኑ ከዚህ ነገር ለእናንተ ምን ይደርሳችኋል?" ሲሉ ሐጂ ሱሪያቸውን ሰብሰብ አድርገው እግራቸውን አሳዩአቸው። "የእግር እብጠት።" ሴትየዋ ሳቁ፤ ግን የሽያጩ ውል ተዘጋጅቶ ፊርማ ብቻ እንደቀረው ነገሯቸው። ለሁለተኛ ጊዜ ሳይቀመጡ ወጡ።

በዚያ በጋ አቶ ደጀኔ ምግብ አልስማማ አላቸው። ሲመረመሩ በቆሽታቸው ላይ ነቀርሳ መሆኑ ታወቀ፤ ሐኪሞቹም ጊዜው አጭር እንደሆነ አልሸሸጓቸውም። ሥርዓተ ንስሐቸውን ፈጸሙ፣ ቅዱስ ቁርባን ተቀበሉ። ስለ ራሳቸው ብዙ አልጠየቁም። ወይዘሮ ቪርቬን ግን በደብዳቤ አንድ ነገር ጠይቀዋቸው ነበር፤ በወጥ ቤቱ በር መቃን ላይ ያሉት መስመሮች አሁንም አሉ ወይ ብለው። ስለ ሽማግሌዎቹ አልነገሯቸውም። መልሱ በነሐሴ ከአንድ ፎቶግራፍ ጋር መጣ። በሩ ከነመቃኑ ነጭ ተቀብቷል፤ በአንድ በኩል ግን የእጅ መዳፍ የምታህል ቡናማ ጭረት ከላይ እስከ ታች ሳትቀባ ቀርታለች፣ የእርሳሱ መስመሮች ያሉባት። "ይህን በር አምስት ጊዜ ቀብቼዋለሁ" ይላል ደብዳቤው። "ያችን ግን እዘላታለሁ። የማን ልጆች እንደሆኑ አላውቅም። ልጆች እንደነበሩ ግን አውቃለሁ።"

በመስከረም ሽማግሌዎቹ ለሦስተኛ ጊዜ ሲሄዱ ፎቶግራፉን ጠረጴዛ ላይ አኖሩት። ወይዘሮ ሳልሜ ጎንበስ ብለው አዩት። "መነጽሬን ላምጣ" ብለው ወደ ውስጥ ገቡ። ሽማግሌዎቹ አንድ ሰዓት ያህል ቆመው ጠበቁ። አልወጡም። ፎቶግራፉን እዚያው ትተው በሩን ቀስ አድርገው ዘግተው ሄዱ።

አቶ ሽፈራው ሆስፒታል መጥተው፣ "ጋሽ ደጀኔ፣ ሦስት ጊዜ ቆምን፤ አልሆነም" ሲሏቸው አቶ ደጀኔ፣ "አልዘጋችውም" አሉ። "ገና ከበሩ ኋላ ቆማለች። እኔ አባቴን ስንት ዓመት ጠበቅኋቸው፤ እሷን ጥቂት ቀን ጠብቁልኝ።"

አቶ ደጀኔ ወልደ ሰማዕት መስከረም 23 ቀን 1991 ዓ.ም.፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ጥቅምት 3 ቀን 1998፣ ቅዳሜ ማለዳ፣ ባለቤታቸው እጃቸውን እንደያዙ፣ በተወለዱ በአርባ ሰባት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። በዚህ አገር ልማድ ቀብሩ እስከ ዛሬ ዓርብ ጥቅምት 23 ድረስ ሦስት ሳምንት ቆይቷል። ለኛ ይህ ከባድ ነበር፤ እንባ ቀጠሮ አያውቅም። ሆኖም እግዚአብሔር ለሚያዘገየው ነገር ምክንያት አለው።

አቶ ደጀኔ ዝግተኛ፣ ሳቂታ፣ ቂም የማያውቁ፣ የሰው ቤት ሲገቡ ጫማቸውን ሳይነገራቸው የሚያወልቁ ሰው ነበሩ። ከኋላቸው ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሸዋሉል ጌታነህን፣ ልጃቸውን ዲቦራ ደጀኔን፣ ናዝሬት የሚኖሩትን እህታቸውን ወይዘሮ አበባየሁ ወልደ ሰማዕትን፣ በታሊንም እንደ እናት የሚያዩአቸውን ወይዘሮ ቪርቬን ትተዋል። በየአገሩ ተከራይ ሆነው የኖሩትን አባታችንን ጌታ ኪራይ በሌለበት፣ አዋጅ በማይደርስበት ቤቱ ያሳርፍልን። ለእናትና ልጅ የመጽናናቱን ጸጋ ያድልልን። አሜን።

ይህ ጽሑፍ እዚህ ላይ አልቆ ሰኞ ማተሚያ ቤት ሊገባ ተዘጋጅቶ ነበር። ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ ግን አልቢ፣ ልቅሶው ቤት፣ በሩ ተንኳኳ። ዲቦራ ከፍታ በስዊድንኛ፣ "እማዬ፣ የአባባ አሮጊት መጡ!" አለች። ወይዘሮ ሳልሜ ጥቁር ለብሰው፣ ባለ ጎማ ምርኩዛቸውን እየገፉ፣ ከሃሉንዳ ብቻቸውን መጥተዋል። ሰው ሁሉ ተነሣ። "ይቀመጡ፣ እዚህ ይቀመጡ" ተባለ።

"አልቀመጥም" አሉ።

አቶ ሽፈራው ተረጎሙ።

ወይዘሮ ሳልሜ ቆመው ተናገሩ። ውሉን አልፈረሙም። ወይዘሮ ቪርቬ ዕድሜያቸው እስኪያልቅ በቤቱ እንዲኖሩ ለታሊኑ ጠበቃ በጽሑፍ አሳውቀዋል። "ይህን ግን በደብዳቤ ልነግራት አልፈልግም" አሉ። "ሄጄ በአፌ ነው የምነግራት። ያን በር ብቻዬን ማንኳኳት ግን አልችልም። እኔን አታውቀኝም። የደጀኔን ሚስት ግን በስም ታውቃለች።" ፊታቸውን ወደ ወይዘሮ ሸዋሉል መለሱ። "ከኔ ጋር ነይ። እሺ እስክትዪ እቆማለሁ።"

ወይዘሮ ሸዋሉል ከፍራሹ ላይ ሆነው አቀረቀሩ። "እኔ መርከብ እፈራለሁ" አሉ። "ደግሞ ያ ቤት ባሌን ስንት ዓመት አጠገቤ አስቀምጦ ከኔ ወስዶብኛል።"

ወይዘሮ ሳልሜ ምርኩዛቸውን እንደያዙ ቆመው ቀሩ። ሐጂ አብዱልጀባር ከጥግ ሆነው ቀስ ብለው፣ "ልጄ ሸዋሉል፣ ሽማግሌ ቆሟል" አሉ።

ወይዘሮ ሸዋሉል የነጠላቸውን ጫፍ ከዓይናቸው ላይ አነሡ። "አርባው ይውጣ" አሉ። "ከአርባው በኋላ አብረን እንሄዳለን። እሺ።"

ወይዘሮ ሳልሜም ተቀመጡ።